የጠዋቱ ብርጭቆ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር የመጋዘናችን ሚዛን ቤት ነው። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ የሚጽፍበት ጠፍቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ነበር። በየገጹ ሦስት ዓምድ ተሰምሯል፦ ሙሉ፣ ባዶ፣ ልዩነት። መኪናው ጭነቱን ይዞ ሲገባ ይመዘናል፣ አራግፎ ሲወጣ ይመዘናል፣ የሁለቱ ልዩነት ጭነቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ሾፌሮቹ «ጋሽ ሚዛን» ሲሉኝ ስሜ ከጠፋ ቆየ። ዛሬ ግን ዓምዶቹን እየዘለልኩ ነው የምጽፈው፣ ለሰው የማልናገረው ነገር ስላለብኝ።

የባለቤቴ በሽታ ስም ወጣለት። ታይሮይድ ነው። ዶክተሯ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። አንገቷን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ወረቀቱን አዩና፣ «የሰውነትሽ መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት የገዛ ዕጢሽን እየወጋ ነው» አሏት። ዕጢው ሲዳከም ሆርሞኑ ያንሳል፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉ ነገር ይቀዘቅዛል። ድካሙ፣ ብርዱ፣ የፀጉሯ መርገፍ፣ የድምፅዋ መጎርነን፣ መርሳቷ፣ ውፍረቷ፣ ሁሉም ከዚያ ነው አሉ። እሳቸው አንድ በአንድ ሲቆጥሩ እኔም በሆዴ አብሬ እቆጥር ነበር። ለእያንዳንዱ እኔ ሌላ ስም ሰጥቼው ኖሬያለሁ። ስንፍና ብዬዋለሁ፣ ግድየለሽነት ብዬዋለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሆዳምነት።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አሏት።

«ሁለት ዓመት ይሆነኛል።»

«ምነው እስከዛሬ ሳትመጪ?»

ጫማዬን አየች። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለች።

አልነበረም። ሁለት ጊዜ «ሐኪም ጋ ልሂድ» ብላኝ ሁለት ጊዜ «ተነሥተሽ ብትንቀሳቀሺ ይለቅሻል» ያልኳት እኔ ነኝ። እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት እችል ነበር። ወንበሩ ላይ ተደላደልኩ።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ደክሟት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ስለዚህ ፋርማሲስቷ አወሳሰዱን ለእኔ ነበር ያስረዳችው። በመሃል ከመጋዘን ተደወለ፤ አንድ መኪና ሚዛኑ ላይ ቆሞ አልነሣም ብሏል። በአንድ ጆሮዬ ስልኩን፣ በአንዱ ልጅቷን ሰማሁ። «ገባኝ፣ ገባኝ» አልኳት። ዋናው ገብቶኛል፤ ጠዋት ጠዋት አንድ፣ ሳይቋረጥ፣ ዕድሜ ልክ። ካርቶኑ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ፊደሉ ከማነሱ የተነሣ ዐይን ያጠፋል። ነገ አነበዋለሁ ብዬ ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

በሁለት መኪና መሃል ነው የምጽፈው።

ዛሬ ጀመረች። ክኒኗን ከአንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ጋር አልጋዋ ድረስ ወሰድኩላት። እናቴ መድኃኒት ባዶ ሆድ ያቃጥላል ትል ነበር፤ ልጆች ሳለን ያለ ወተት አንድ ክኒን አንውጥም ነበር።

«ለኔ ነው?» አለች።

አንጀቴን በላችው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አልጋ ድረስ የወሰድኩላት የመጀመሪያው ነገር መሆኑን ያወቅሁት ከጥያቄዋ ነው። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ካየችው በኋላ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣችው። ከእንግዲህ በየጠዋቱ ይህ የኔ ሥራ ነው ብያለሁ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ተኝታለች። እሑድ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ድሮ «ቀን ለቀን ደግሞ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው» እያልኩ በሩን አላትመው ነበር፤ ዛሬ በእግሬ ጣት ነው የሄድኩት። ጸጥ ካለ አይቀር አንድ ነገር ልጻፍና ይውጣልኝ።

ባለፈው ዓመት ነው። መነፅሬን ቤት ረስቼ ኖሮ፣ እሷ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በዕረፍት ሰዓቷ ሮጣ መጋዘን ድረስ አመጣችልኝ። ሦስተኛ ክፍል ነው የምታስተምረው፤ እጇ ላይ ጠመኔ ነበረ። ጫኝና አውራጆቹ ሥራ ፈትተው በጆንያው ሚዛን ላይ እየወጡ ይተራረባሉ።

«ነይ ውጪ» አልኳት።

«ተወኝ እባክህ» አለች።

እጇን ይዤ አወጣኋት። ከዚያ እጇ ላይ በያዘችው መነፅር አሻግሬ ቁጥሩን አየሁና፣ ጆንያ ስመዝን እንደምጠራው ጮክ ብዬ «ሰማንያ ስምንት» አልኩ። እዚያ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት። «አሥራ ሁለት ብትጨምር ኩንታል ሞላች፣ በሚመጣው መኪና እንጭናታለን» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። ቀልድ ነበር፤ ስትስቅም አይቻለሁ።

ወርዳ ደኅና ዋሉ ብላ ሄደች። መነፅሬን ግን ሳትሰጠኝ ይዛው ተመልሳለች። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳላይ ዋልኩ፤ ሾፌሮቹ እያነበቡልኝ ነው የሠራሁት፣ አለቃዬም ተቆጣኝ። ቤት ገብቼ ስጠይቃት «ረሳሁት» አለች። «አንቺ ዘንድሮ ምን የማትረሺው ነገር አለ?» አልኳት። ይኸው፣ መርሳቱም ከበሽታው ኖሯል። ይህንን ሳስብ ያቅበጠብጠኛል።

ከዚያን ቀን ወዲህ መጋዘን መጥታ አታውቅም። አልጠየቅኋትም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

የቤት ሚዛን ገዝቼ ገባሁ። ለዶክተሯ መረጃ ይሆናል አልኳት። ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ ጉትቻዋን ሳይቀር አወለቀች። ለፒጃማው ስምንት መቶ ግራም ቀነስኩላት። ዘጠና አንድ ከሁለት መቶ። ስንጋባ ስልሳ ሁለት ነበረች።

ቁጥሩን በለሆሳስ ነው የነገርኳት። ልዩነት ያለው ይመስለኛል።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ፀጉር አየሁ። ለጫኝና አውራጆቹ አለቃ፣ ለካቦው ነገርኩት። የሱ ሚስት ከወሊድ በኋላ ፀጉሯ ሲረግፍ ካልሲየምና ብረት ያለበት ክኒን አዳናት አለኝ። ዛሬውኑ ገዛሁ። ከዋናው ክኒን ጋር በወተቱ ትውሰደው፤ ሁለት ክኒን፣ አንድ ብርጭቆ። ከእንግዲህ አላደረግህም የምባለው ነገር የለም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የስድስት ሳምንት የደም ምርመራ። ምንም ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። የዚህ በሽታ ቁጥር ግራ ነው፤ ከፍ ሲል ዕጢው ደክሟል ማለት ነው። ሲበዛ ማነሱን የሚያሳይ ሚዛን አይቼ አላውቅም።

«በየቀኑ እየወሰድሽ ነው?» አሉ ዶክተሯ።

«አዎ።»

«እንደተነገራችሁ?»

እኔ ቀደምኳት። «እኔ ራሴ ነኝ በእጄ የምሰጣት» አልኩ።

«እንዲህ ያለ ባል ለሁሉም ይስጥ» አሉ። የልብ ልብ ተሰማኝ። ክኒኑ ከሃምሳ ወደ መቶ ማይክሮግራም ከፍ አለ። መኪና ውስጥ ስንገባ «ጥሩ ሴትዮ ናቸው» አልኳት። በመስኮት እያየች ነበር።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ታላቅ እህቷ ትናንት መጥታ አድራለች። እኔን አትወደኝም፤ አልፈርድባትም። ጠዋት ብርጭቆውን ይዤ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወተት የምትጠጪው?» አለቻት። «ልጅ ሆነን ሽታው እንኳ ያስመልስሽ አልነበር?»

«ለመድኃኒት ነው» አለች ባለቤቴ፣ ጠጣችውም።

ሰው ሲያድግ ይለምዳል መቼም። በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ ከኩሽና ድምፃቸው ተሰማኝ። እህቷ «ደግሞ አሁን ነው አሳቢ የሆነው?» ትላለች። የኔዋ፣ በዚያ በጎረነነ ድምፅዋ፣ «ተይው። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ድረስ ያመጣልኛል» አለቻት። ደስ ብሎኝ ቆሜ ቀረሁ። ቆይቶ ግን ራሴን ጠየቅሁ። አንድ ብርጭቆ ወተት እንዲህ ካስመሰገነ እስከዛሬ ምን ያህል ባዶ እጄን ኖሬያለሁ?

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ዘጠና ሁለት ከአራት መቶ።

ደገምኩት። ያው ነው። ሚዛኑን ወለሉ ላይ ሌላ ቦታ አድርጌ እንደገና መዘንኳት። እዚያ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር፤ የብርድ ልብሱን ልቀንስ ስል «በቃ ተወው» አለች።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ አይለቀኝም። መድኃኒቱ በእጥፍ ጨምሮ ሰውነቷ ካልሰማ፣ መድኃኒቱ አይደርሰውም ማለት ነው። ሞልቶ የገባ መኪና ሙሉ ሆኖ ከወጣ አላራገፈም። ታዲያ ክኒኑ የት ይሄዳል? እኔ ሰጥቻት ብርጭቆውን ላጥብ ስሄድ ምን ታደርገዋለች?

ማስታገሻ ያገኘሁ ይመስል ቀለል አለኝ። ጥፋቱ የሷ ከሆነ ማለቴ ነው። ይህን ልሰርዘው አስቤ ተውኩት።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ሚዛን ቤት።

ዛሬ ክኒኑን ከዋጠች በኋላ አልሄድኩም። «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት።

አልገባትም። ደገምኩት።

ከፈተች። ምላሷን አንሺ አልኳት፣ አነሣች። ምንም የለም። በአርባ ዓመቷ፣ ሠላሳ ልጆች ቲቸር የሚሏት ሴት፣ አልጋ ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ።

«እሺ» ብዬ ወጣሁ። ይቅርታ እንኳ አላልኩም። መኪና መጣ።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ሁለተኛው ምርመራ። ያው ነው፣ እንዲያውም ብሷል። ዶክተሯ ወረቀቱን አገላበጡት።

«ግራ የሚያጋባ ነገር ነው» አሉ። «አንድም ቀን አላቋረጥሽም?»

«አላቋረጥኩም።»

ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት። «እኔማ እሰጣታለሁ፤ ትዋጠው አትዋጠው እንጃ» አልኩ። ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ተወችው። «እውጠዋለሁ» ብቻ አለች።

መቶ ሃምሳ አደረጉት። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንድንመለስ፣ የልብ ምት ነገር ካለ ግን ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንሄድ ነገሩን።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሾፌር አለ፣ «ድቡልቡል» የሚባል። ሰውየው ግን ቀጭን ነው፤ ቅጽል ስሙ የወጣለት ድሮ ነው ይላሉ። ጠዋት መኪናውን ሚዛኑ ላይ አቁሞ ሻይ ላፍላልህ ስለው ሰዓቱን አየና፣ «ሃያ ደቂቃ ይቀረኛል» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ለመድኃኒቴ። የታይሮይድ ሰው ነኝ እኮ፤ ድቡልቡል ያስባለኝ እሱ ነው። ክኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ እውጥና አንድ ሰዓት ምንም አልቀምስም።»

እየሳቅሁ፣ ለወሬ ያህል፣ «በወተት ቢሆንስ?» አልኩት።

«ወተትማ አይነካም። መድኃኒቱን ይዞት ያልፋል፣ ደም ውስጥ አይገባም። ካልሲየምና ብረት ከሆነማ አራት ሰዓት ማራቅ ነው። ምነው ጋሽ ሚዛን፣ ፊትህ ጠቆረ?»

«ምንም» አልኩት። ክብደቱን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ወረቀቱ አለ። አነበብኩት። በባዶ ሆድ፣ በውሃ፣ ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀድሞ። ወተት። ካልሲየም። ብረት። ሁሉም ተጽፏል፤ ፋርማሲስቷም ይህንኑ ነበር የምትነግረኝ፣ እኔ «ገባኝ ገባኝ» ስል።

ሦስት ወር። ዘጠና ብርጭቆ፣ ሁሉንም በገዛ እጄ። አፍሽን ክፈቺ ብያታለሁ። ዶክተሯ ፊት ሌባ አድርጌያታለሁ።

አንድ ነገር፦ ወረቀቱን በአራት እንደታጠፈ ነበር ያስቀመጥኩት። አሁን ያገኘሁት በሁለት ታጥፎ ነው። ምናልባት እኔው ተሳስቼ ይሆናል።

ጥር 6፣ ረቡዕ

አልነገርኳትም። ልነግራት ገባሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወተት አልቋል፣ በውሃ ዋጪው» አልኳት። «ያኛውም ክኒን ይበቃሻል፣ ጨርሰሻል።» ቁርስም ቆየት አድርጊው አልኩ፣ ዶክተሯ ያሉ አስመስዬ።

«እሺ» አለች። ምንም አልጠየቀችም።

ጥር 11፣ ሰኞ

ውሃውን ማታ ኮመዲኖው ላይ አስቀምጬላት ጠዋት ሳትነቃ እወጣለሁ። ሥራ በዝቷል እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ስትውጥ ማየት አልቻልኩም።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ዘጠና ከአንድ መቶ። ወረደ። አሥር ቀን ነው።

«በርቺ» አልኳት። እኔ ምን ሆኜ ነው በርቺ የምለው።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ሰማንያ ሰባት ከአምስት መቶ። ጉንጯ ጎደል ብሏል፣ ድምፅዋም ጠራ። ተነሥታ መጋረጃውን ሁሉ አውርዳ አጠበች። ጎረቤት ሳይቀር «አማረብሽ» አላት። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኛል።

ሌላም ነገር አለ። መስኮቱን ትከፋፍታለች፣ ይሞቃታል። እንቅልፍ የላትም። የሻይ ማንኪያው ሲኒው ላይ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት። ትናንት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ደረጃው መሃል ቆማ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ልቤ ትንሽ ይሮጣል።»

ሒሳቡን እኔ ነኝ የማውቀው። መቶ ሃምሳ የተባለው ወተት እየበላው ስለነበር ነው። አሁን ወተት የለም፣ መቶ ሃምሳው ሙሉውን ይገባል። ለዶክተሯ መደወል ነበረብኝ። ዶክተሯ ደግሞ «ምን ተለወጠ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀጠሮው ሦስት ሳምንት አይሞላውም፤ እስከዚያ ይረጋ ይሆናል። ይረጋል።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ተደወለ። ሰሌዳው ፊት ወድቃለች።

አሁን ሆስፒታል ነን፤ ከድንገተኛው ክፍል ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ነው የምጽፈው። ልቧ በደቂቃ መቶ አርባ ሁለት ይመታል። ይህን ቁጥር ማሽኑ ላይ ራሴ አነበብኩት።

ወጣቱ ሐኪም የክኒኑን ካርቶን አየና ጠየቃት። «እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ክብደት ለመቀነስ ብለሽ አብዝተሽ ወስደሻል? ብዙ ሰው ያደርገዋል።»

እህቷ ከትራሷ አጠገብ ሆና፣ «ለውፍረት ብለሽ ነው? እንዲህ ታደርጊያለሽ?» እያለች አለቀሰች። ባለቤቴ ዐይኗን ከጣሪያው አላነሣችም።

እኔ እግሯ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። ሐኪሙ መዝገቡ ላይ «መድኃኒት ያለ አግባብ አብዝቶ መውሰድ» ብሎ ሲጽፍ አየሁት፤ መነፅሬን አድርጌ ነበር። ምላሴን ውጬ ዝም አልኩ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ሌላ ምን ይቀረኛል?

ጥር 29፣ ዓርብ

ተናገርኩ።

ዶክተሯ ጠዋት መጡ። መዝገቡን አንብበው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ «አንቺ እንዲህ አታደርጊም ብዬ ነበር» አሏት። ያኔ ነው የተነሣሁት።

«እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስልኩን፣ ገባኝ ገባኝ ማለቴን፣ ወተቱን፣ የካቦውን ክኒን፣ አፍሽን ክፈቺን ሳይቀር። ከድቡልቡል ከሰማሁ በኋላ ሃያ ሦስት ቀን ዝም ማለቴን። ትናንት እዚህ ቆሜ ዝም ማለቴን። እህቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

ዶክተሯ መዝገቡን ዘጉት። «ልቧ ቢቆም ኖሮስ ለማን ነበር የሚነግሩት?» አሉኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ አታውቂም ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች ባለቤቴ።

ቀና ብዬ አየኋት።

«አፍሽን ክፈቺ ያለኝ ቀን፣ ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት።»

«ታዲያ ባለፈው እኔ ክኒኑን ስጨምርልሽ ለምን አልተናገርሽም?» አሉ፣ አሁን በቁጣ ነው። «በሕይወትሽ እኮ ነው የተጫወትሽው!»

አንሶላውን አጣጠፈች። «ወተት አልወድም» አለች። «ግን እሱ ነበር የሚያመጣልኝ። ብነግረው መምጣቱን ይተዋል ብዬ ነው።»

ቀና ብላ አላየችኝም፤ ባታየኝም ይሻላል። በጥር ስድስት ወተቱን ስተው እኔም መምጣቴን ትቻለሁና። ውሃውን ማታ አስቀምጬላት በጨለማ እወጣ ነበር።

የካቲት 1፣ እሑድ

ቤት ገብታለች። ሐኪሙ የጻፈውን ዶክተሯ ሰርዘው በእጃቸው ሌላ ጻፉ፤ ስሜ የለበትም፣ «የአወሳሰድ ስሕተት፣ በቤተሰብ» ይላል። ክኒኑን አንድ ሳምንት አቁማ በሰባ አምስት ትጀምራለች።

ሚዛኑን ካርቶኑ ውስጥ መልሼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ስታየኝ ነበር። «ለዶክተሯ መረጃ አይሆንም?» አለች። ቀልድ ይሁን ምሬት መለየት አቃተኝ። ድሮ የሷን ቀልድ አውቀው ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ ወተቱ፣ ስለ አፏ፣ ስለ ሆስፒታሉ። ሁሉንም ሰምታ «እሺ» አለች። እሺ ብላ የማታውቀው ነገር የለም። መጋዘን ስለሆነው ነገር ግን አላነሣሁም። ቀልድ ነበር ብዬ ኖሬ አሁን ምን ብዬ ላንሣው?

የካቲት 8፣ እሑድ

ዛሬ እንደገና ጀመረች። ክኒኑንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ገባሁ። ውሃው ሲታይ ባዶ ብርጭቆ ነው የሚመስለው፤ አፈርኩ። ዋጠችው፣ ብርጭቆውን መለሰችልኝ፣ እኔም ልወጣ ስል አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ እንዳለብኝ ታወቀኝ። ተቀመጥኩ።

ወረቀቱ አንድ ሰዓት ጠብቁ ነው የሚለው። አንድ ሰዓት ምንም ሳይበሉ፣ ሥራም ሳይሠሩ፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት። ስለ መጋረጃው አወራን። ስለ ተማሪዎቿ ጠየቅኋት፤ የአንዷን ስም ሳትረሳ ነገረችኝ፣ የሌላውንም። ከዚያ ወሬ አለቀብን።

«ያን ቀን» አለች ድንገት።

የትኛውን ቀን ብዬ አልጠየቅሁም።

«መነፅርህን ረስቼ አልነበረም ይዤ የሄድኩት።»

«ታዲያ?»

«በዚያን ቀን ሌላ ሰው ሚዛን ላይ አውጥተህ እንዳታነብ ብዬ ነው» አለች።

እሷ አልሳቀችም፣ እኔም አልሳቅሁ። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፤ እጇን አንሥታ ከለከለችኝ። ዝም ብለህ ተቀመጥ ማለቷ ነው። ሰዓቱን አየሁ። ገና ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይቀራል።